ዳኛ ያላገኘው መጽሐፍ

የመጽሐፍ ሒስ ሲባል ልማዱ ከማተሚያ ቤት ትኩሱን የወጣ ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል አንሥቶ መመዘን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከታተመ ሰባ ዓመት ያለፈውን ነው። ደራሲው መሥሪያ ቤት ነው፤ የተሰናዳውም ለአንባቢ ሳይሆን ለዳኛ ነበር። ዳኛው አልተቀመጠም። ስለዚህ መጽሐፉ ዐቃቤ ሕጉ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ተከሳሹ ሳይጠራ፣ ታዳሚው እንደ ተበተነ ችሎት ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

መጽሐፉ የፍርድ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 አዲስ አበባ ላይ በሁለት ቅጽ ያሳተመው፣ ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ መሪዎችና የጦር አዛዦች ላይ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ያቀረበችው የማስረጃ ስብስብ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የጣልያኖችን ቴሌግራሞችና የትእዛዝ ደብዳቤዎች ይዟል፤ ሁለተኛው በመሐላ የተሰጡ የምስክር ቃሎችንና ቀድሞ የታተሙ ጽሑፎችን። የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። የታሪክ ሰዎች ለግርጌ ማስታወሻ ሲጠቅሱት ኖረዋል። እንደ መጽሐፍ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ በአቀራረቡና በአነጋገሩ የመዘነው ሰው ግን እኔን አላጋጠመኝም።

ያነበብኩት ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ቦታው የጥንቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ግራዚያኒ እንደራሴ ሆኖ የተቀመጠበት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት። ከሕንጻው ፊት ለፊት ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበትን ዘመን በእርከን እየቆጠሩ ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ ዛሬም አለ፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። እንዲህ ካለ ቦታ ሆኖ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሚዛኑ ሊያጋድልበት ይችላል። አጋድሎብኝ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከቴሌግራሞቹ ልጀምር። ቴሌግራም ቅጽል አይወድም፤ ቃል የሚቆጠብበት ጽሑፍ ስለሆነ ላኪው ግሡን ብቻ ይልካል። ሙሶሊኒ ሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1936) ለግራዚያኒ ያስተላለፈው ትእዛዝ ጥቂት መስመር ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ በዐመፀኞችና ከእነሱ ጋር ባበረው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖለቲካ እንዲጀመርና በሥርዓት እንዲካሄድ እንደገና ይፈቅዳል፤ በአንዱ ዐሥር ካልተመለሰ ቁስሉ በጊዜ አይሽርም ይላል፤ በመጨረሻም ማረጋገጫ እንዲላክለት ይጠይቃል። ጽሑፍ ማገላበጥ የለመደ ሰው እዚህ ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። አንደኛው «እንደገና» የሚለው ነው፤ ከዚያ በፊትም ተፈቅዶ ነበር ማለት ነውና። ሁለተኛው የማረጋገጫው ጥያቄ ነው። ትእዛዝ ሰጥቶ ዝም ያለ መሪ ነገ «የበታቾቼ ያደረጉትን አላውቅም» ማለት ይችላል። መልስ የሚጠብቅ መሪ ግን ይህን በር በገዛ እጁ ዘግቶታል።

የጦር መሪን ለፍርድ ማቅረብ የሚከብደው ከቤተ መንግሥት እስከ ተቃጠለችው ጎጆ የሚደርሰውን ክር ማግኘት ስለሚቸግር ነው። ጎጆዋን የለኮሰው ወታደር «ታዝዤ ነው» ይላል፤ አዛዡ ደግሞ «እኔ በቦታው አልነበርኩም» ይላል፤ በሁለቱ መካከል ወንጀሉ ባለቤት ያጣል። ጃፓናዊው ጄኔራል ያማሺታ ማኒላ ላይ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሰቀል የተፈረደበት ወታደሮቹን አልገታም ተብሎ ነበር፤ በትእዛዙ መደረጉን የሚያሳይ ወረቀት እንዳልቀረበ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ በዚህም የሕግ ሰዎች ብዙ ተከራክረዋል። በኢትዮጵያ መዝገብ ውስጥ ያለው ግን አለመግታት ብቻ ሳይሆን የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ ላኪውና ተቀባዩ የታወቀ ትእዛዝ ነው። ኑረምበርግ ላይ የተቀመጡት ዐቃብያነ ሕግም ክሳቸውን በዋናነት ያቆሙት በጀርመኖቹ በራሳቸው ወረቀት ላይ ነበር፤ ምስክር ቂም አለበት ሊባል ይችላል፤ የተከሳሹን ፊርማ እንዲህ ማለት ግን አይቻልም። የፍርድ ሚኒስቴር ሰዎች ይህን ዘዴ ገብቷቸዋል። መጽሐፉን የማደንቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ስድብ ሊያበዛ የሚችልበት ቦታ ላይ ጠላቱን ያናግራል።

የመርዝ ጋዙ ነገርም እንዲሁ ነው። የጋዝ ጦርነትን የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 የተፈረመ ሲሆን ኢጣልያ በ1928 አጽድቃዋለች። ኑረምበርግ ላይ የተከሳሾቹ ጠበቆች «ሕጉ የወጣው ከድርጊቱ በኋላ ነው» እያሉ ሲሟገቱ ነበር፤ ይህ ሙግት ለባዶሊዮና ለግራዚያኒ አይሠራላቸውም ነበር። ሰናፍጭ ጋዙ በሰሜንም በደቡብም ግንባር ሲወርድ ሕጉ የአገራቸው ፊርማ ነበረበት። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን በይፋ ያመነው ግን በ1996 ነው፤ ከድርጊቱ ስድሳ ዓመት በኋላ።

ከግራዚያኒ ቴሌግራሞች ውስጥ ለእንዲህ ያለ መጽሔት አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው አንድ አለ። መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ከአንድ ወር በኋላ፣ ወደ ሮም የላከው ነው። በከተማውና በአካባቢው ያሉ ዘዋሪ ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው በጥይት እንዲገደሉ ማዘዙን ይገልጽና እስከዚያ ቀን ድረስ ሰባው መወገዳቸውን ያስታውቃል። ምክንያቱ የጣልያን አገዛዝ በቅርቡ ይወድቃል የሚል ወሬ በገበያና በደጀ ሰላም ይነዛሉ የሚል ነው። እኛ የብዕር ሰዎች ስለ ቃል ኃይል በየመድረኩ እንናገራለን፤ ብዙውን ጊዜም ለራሳችን ክብር ስንል እናጋንነዋለን። ግራዚያኒ ግን ጥይት አውጥቶበት አምኖበታል። መሰንቆ የያዘ ሰው ከጠመንጃ ያዥ እኩል ተቆጥሮ የሞተበትን ይህን ወረቀት የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ አለማስገባታችን ይገርመኛል።

እስከዚህ ያለው ምስጋና ነው። ነቀፋዬ የሚጀምረው ቴሌግራሙ ራሱ ሊታመን ይገባል ወይ ከሚለው ነው። ገዳዩ በገዛ እጁ የጻፈው እውነት መሆን አለበት ብለን እንቸኩላለን። ደብረ ሊባኖስን እንውሰድ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጄኔራል ማሌቲ ጦር በገዳሙ ያደረሰውን እልቂት ግራዚያኒ ለአለቆቹ ሲያስታውቅ መጀመሪያ የ297 መነኮሳትን፣ ቀጥሎ የ129 ዲያቆናትን ቁጥር ሰጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኢያን ካምቤል ቦታውን በእግሩ እየዞረ፣ የቀሩትን ሽማግሎች እየጠየቀ ባሳተመው ጥናት ግን የሟቾቹ ቁጥር በ1,423 እና በ2,033 መካከል ነው። ስለዚህ ቴሌግራሙ የትእዛዙ ታማኝ ምስክር ቢሆንም የልኩ ታማኝ ምስክር አይደለም። በኑዛዜው ውስጥ እንኳ ቆጥቧል።

ይህን የሚያጣራው ችሎት ነበር። ዳኛ «297 ያልከው ከየት አምጥተህ ነው? የምእመናኑስ ቁጥር የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእኛም ቁጥር ቢሆን እንዲሁ ይጠየቅ ነበር። በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 30,000 ሰው አልቋል ሲል የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበውን ቁጥር ትውልድ ሲቀባበለው ኖሯል፤ ካምቤል መረጃውን ከየአቅጣጫው አመሳክሮ የደረሰበት ወደ 19,000 ገደማ ነው፤ ጣልያኖቹ ያኔ ያመኑት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። 19,000 ሰው የሚያሳንስ አእምሮ ካለ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ በመስቀለኛ ጥያቄ ሳይፈተን መቅረቱ ነው። እኛ የእኛን ይዘን እንጮኻለን፣ እነሱ የእነሱን ይዘው ይክዳሉ፤ ሁለታችንም የተፈተነ መዝገብ የለንም።

ሁለተኛው ቅጽ የሰው ድምፅ ያለበት ነው፤ የሚያሳዝነውም እዚሁ ነው። ምስክሮቹ ያዩት እሳት ነው፤ በር ተዘግቶባቸው የነደዱ ቤቶች፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በጩቤና በዱላ የተሰማሩበት ሌሊት፣ ሬሳ የጫኑ የጭነት መኪናዎች። ሶማሊያ ውስጥ የነበረው የዳናኔ እስር ቤትም አለ፤ እዚያ ታስሮ የነበረ አንድ ምስክር ከ6,500 እስረኞች 3,175ቱ በምግብና በውሃ እጦት፣ በወባና በሆድ በሽታ ማለቃቸውን ተናግሯል። ምስክሮቹ ይህን ሲሉ በአማርኛ እያሰቡ ነበር። ያገኘነው ግን በሕግ እንግሊዝኛ የታጠበ፣ ለአውሮፓ ዳኛ ጆሮ የተስተካከለ ቃል ነው። የጎረቤቱን ሬሳ በነጠላ የሸፈነ ሰው በምን ቃል እንዳለቀሰ ከዚህ መጽሐፍ አይገኝም። ተርጓሚውን አልወቅስም፤ ሥራው ማስለቀስ አልነበረም። የምወቅሰው፣ ጉዳዩ ከለንደን ባዶ እጁን ከተመለሰ በኋላ እንኳ ቃሉ ለባለቤቱ በገዛ ቋንቋው ሰፊ ሆኖ ሳይመለስለት መቅረቱን ነው።

ልዩነቱን ማየት የፈለገ የተመስገን ገብሬን «ሕይወቴ» ያንብብ። የ«የጉለሌው ሰካራም» ደራሲ ያንን የካቲት በዐይኑ አይቷል፤ መጽሐፉ ብርሃን ያየው ግን እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ተመስገን ለዳኛ አይናገርም፤ የሚያሸማቅቀውን ፍርሃትም አይደብቅም። የሚኒስቴሩ ምስክር «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ» ሲል ተመስገን ጉልበቱ እንዴት እንደ ከዳው ይነግረናል። ለክስ የሚጠቅመው የመጀመሪያው፣ ለትዝታ የሚቀረው ሁለተኛው ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ አይችልም፤ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ያሳተመልን ግን እስካሁን የለም።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ። ኢትዮጵያ ክሷን ስታቀርብ ብዙዎቹን ትታ ዐሥር ሰዎችን ብቻ መረጠች። ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከላይ ናቸው። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶና አለ፤ በአዲስ አበባ የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ የነበረውና ጥቁር ሸሚዞቹን ለሦስት ቀን የለቀቃቸው ጊዶ ኮርቴዜ አለ፤ ጄኔራሎች አሉ። ከዐሥሩ አንዱ ግን ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። የኢትዮጵያን ቋንቋዎችና የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ያጠና ተማሪ ይህን ስም ያውቀዋል፤ ስለ ተአምረ ማርያምም ሆነ በኢየሩሳሌም ስለ ነበሩ ኢትዮጵያውያን ሲጻፍ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሊቅ ነው። በወረራው ዘመን ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በቴህራን የአገሩ አምባሳደር፣ ኋላም የኢጣልያ ትልቁ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ይህን ስም ሳይ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ፤ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሬ ተመለስኩ። በዚያው ግቢ የእሱን ሥራዎች ያነበብኩባቸው ቀኖች ነበሩና። ምን ልበል? ወንጀለኛ ነው ልል አልችልም፤ የተከሰሰ እንጂ የተፈረደበት ሰው አይደለም። ንጹሕ ነው ልልም አልችልም፤ ነጻ ያወጣው ፍርድ ቤት የለም። ጠበቃ አቁሞ «ይህ ትእዛዝ የእኔ አይደለም» የሚልበት፣ ወይም ዐቃቤ ሕጉ «ያንተ ነው» ብሎ ወረቀቱን የሚዘረጋበት አንድ ቀን ቢኖር ኖሮ ዛሬ እኔ መጽሐፎቹን በምን ዐይን እንደማነብ አውቅ ነበር። ችሎት አለመቀመጡ የተበደለውን ብቻ ጎድቶ አልቀረም። ተከሳሹንም በጥርጣሬ አንጠልጥሎ ትቶታል፤ ሊቅነቱንና ሹመቱን አንድ ላይ እንዳናይ አድርጎናል።

ለምን አልተቀመጠም? መልሱ ለጊዜው ፖለቲካ ነው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። የጦር ወንጀል ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም ኢትዮጵያ አባል አልሆነችም፤ የ1928ቱ ወረራም «የዓለም ጦርነት» አይደለም ይባል ነበር። ጦርነቱ መቼ ጀመረ የሚለው የቀን ጥያቄ ስለዚህ የሞት ሽረት ጥያቄ ሆነ። በ1947 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣልያ በኢትዮጵያ ጉዳይ ተጠያቂ የምትሆነው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 (ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.) ጀምሮ መሆኑን ደነገገ፤ የጦር ወንጀለኞችን አሳልፋ እንድትሰጥም አዘዘ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ኮሚሽኑ በ1948 መጀመሪያ የኢትዮጵያን መዝገብ አየ፤ በባዶሊዮና በግራዚያኒ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ። በዚያው መጋቢት ወር ሥራውን ጨርሶ ተበተነ። ኢትዮጵያ በ1949 ሁለቱ እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ሰሚ አላገኘችም። ባዶሊዮ ሙሶሊኒ ከወረደ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ የኢጣልያን እጅ መስጠት የፈጸመ፣ ከእንግሊዞችና ከአሜሪካውያን ጋር የተሰለፈ ሰው ነበር፤ እንግሊዞች ውለታውን አልረሱለትም። እኛ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን፤ የሚያስታውሰው ሦስተኛ ወገን ሲሆን ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይነግረንም።

ግራዚያኒ በአገሩ ፍርድ ቤት አልቀረበም እንዳይባል ቀርቧል። የኢጣልያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በ1950 የ19 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ጥፋቱ ግን ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር። አዲስ አበባ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ዳናኔ በዚያ ክስ ውስጥ አልነበሩም። በዚያው ዓመት ተፈታ፤ በ1955 በነጻነት ሞተ። እስር ቤት ሆኖ አገሬን ተከላከልኩ የሚል መጽሐፍ አሳትሞ በኢጣልያ በሰፊው ተነቦለታል። ሁለቱ መጽሐፎች፣ የእሱና የፍርድ ሚኒስቴሩ፣ የወጡት በጥቂት ዓመት ልዩነት ነው። የተከሳሹ መልስ ገበያ ወጣ፤ ክሱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

«ንጉሠ ነገሥቱ ይቅር ብለዋል፤ ለክፉ ክፉ አትመልሱ ብለው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አስታውቀዋል፤ አሁን ምን አነሣው?» የሚሉ አሉ። ይህን ሐሳብ ከአንድ ሁለት ሰው ሳይሆን ከብዙ ወዳጆቼ ሰምቼዋለሁ። ያ ቃል በዚያን ቀን በእጃችን ለወደቀው ጣልያን ሠራተኛ፣ ለሴቱና ለሕፃኑ የተሰጠ ነበር፤ ትልቅ ቃል ነው። ያንኑ ቃል የተናገረው መንግሥት ራሱ ነው በኋላ ይህን መዝገብ ያዘጋጀው። ምሕረቱና ክሱ በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸውና አንዱን መጥቀሻ አድርጎ ሌላውን ማጥፋት አይቻልም።

የመሪዎች ችሎት በኋላ ምን እንደሚመስል አይተናል። አሩሻ ላይ የተቀመጠው የሩዋንዳ ፍርድ ቤት በ1998 አካዬሱን በዘር ማጥፋት ሲፈርድበት ምስክሮቹ ፊት ለፊት ተናግረው፣ በጠበቃ ተፈትነው ነው፤ በዚያው ዓመት የጭፍጨፋው ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ካምባንዳ ራሱ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ክስ፣ ዋናው ሰው ዚምባብዌ ተቀምጦም ቢሆን፣ ፊርማን ከፈራሚው ጋር በአደባባይ አፋጥጧል። ስለ መጓተቱም ስለ ቅጣቱም ብዙ ሊባል ይችላል። የዚያን መዝገብ የሚያነብ ሰው ግን የተከሳሹንም መልስ አብሮ ያገኛል። በፍርድ ሚኒስቴሩ መጽሐፍ ውስጥ የሌለው ይህ ነው፤ ሚኒስቴሩም ብቻውን ሊያመጣው አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። ያኔ ብዙዎቻችን በጋዜጣ ተቆጣን፤ እኔም ከተቆጡት ነበርኩ። ከቁጣው ይልቅ የሚበጀን ይህን መጽሐፍ በአማርኛ ማግኘት ይመስለኛል፤ ዝም ብሎ የተተረጎመ ሳይሆን የተዘጋጀ። ቴሌግራሞቹ ከጣልያንኛው በቀጥታ ይተርጎሙ፤ ከእያንዳንዱ ሥር በኋላ የመጡት ጥናቶች የደረሱበት ቁጥር፣ ከእኛ ቁጥር ቢያንስም ቢበዛም፣ ይቀመጥ። የምስክሮቹ የአማርኛ ቃል በመዝገብ ቤት ተርፎ እንደሆነ ተፈልጎ ይግባ። ተከሳሾቹ በየመጽሐፎቻቸው ለራሳቸው ያሉትም ከክሱ ጎን ይታተም፤ ከቼሩሊ ስም አጠገብም ያልተፈረደበት መሆኑ ይጻፍ። ለመጋቢት 10ሩ ቴሌግራም ግን አዘጋጁ ከሥሩ የሚጨምረው ብዙ ነገር የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ቴሌግራሙ ሰባ ይላል እንጂ የአንዱንም ዘፋኝ ስም አልያዘም።